የውሰት ቀሚስ፦ በሰሜን ሸዋ ደጋና በኢትዮጵያ መድረክ የአለባበስ ቅያሬ ጥበብ



የዛሬው ንግግር ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ደርሶኛል። አንዳንዶቻችሁ «ለመሆኑ ይህ የእኛ ታሪክ ነውን?» ብላችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ቢሆንስ በአደባባይ መናገሩ ምን ይጠቅማል?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ሁለቱንም ጥያቄዎች አከብራለሁ። የመጀመሪያው የማስረጃ ጥያቄ ስለሆነ በማስረጃ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን የሕሊና ጥያቄ ነው፤ እርሱን ለመመለስ ከራሴ ጉድለት መጀመር ይኖርብኛል።

ተወልጄ ያደግሁት በቀየት፣ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ በሚባለው የሰሜን ሸዋ አገር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ በጎረቤት ሰርግ ዳስ ውስጥ ያየሁትን አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እራት ተበልቶ፣ ጠላው በሁለተኛው ዙር ሲቀዳ፣ አንድ ሰው የሙሽራው እናት መስሎ ወደ ዳሱ ገባ። ቀሚስ ለብሷል፣ መቀነት ታጥቋል፣ ሻሽ አስሯል። ከሻሹ ሥር የወረደው ሹሩባ በጥላሸት የጠቆረ የጓሳ ሣር ነበር፤ ደረቱን የሞላውም ያልተፈተለ የበግ ጠጉር ነው። ሙሽሪትን ዞሮ አያት፤ እንጀራዋን በጣቱ ነካ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ወገቧን በስንዝር ለካ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጇን ለሌላ ቤት የምትሰጥ እናት የሚሰማትን በዜማ ይናገር ጀመር። ሲስቁ የነበሩ ሴቶች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። በማግስቱ ቀሚሱ በእንዶድ ታጥቦ ለባለቤቱ ተመለሰ። የበጉ ጠጉር ወደ እንዝርት ሄደ። ሹሩባውን ጥጃ በላው።

ስሙን አልጠራም። ሚስት አላገባም ነበር፤ ከሴቶች ጋር ተቀምጦ ጠጉር ይፈትል ነበር፤ ባሎች አይቀኑበትም፣ ልጆች አይፈሩትም። አያቴ ስለ እርሱ ስትጠየቅ «እግዜር እንዲህ አድርጎ ፈጠረው» ከማለት በቀር ሌላ አትናገርም። በዚህ አነጋገር ውስጥ አክብሮትም ነበር፣ ቸል ማለትም ነበር፤ የትኛው እንደሚያመዝን ዛሬም መለየት ያስቸግረኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለዶክትሬት ጥናቴ ወደዚያው አገር ተመለስሁ። የምጠናው ስለ ርስትና ስለ መሬት ክርክር ነበር። አንዲት አሮጊት ስለዚያ ሰው አጫወቱኝ፤ መሞቱንም ነገሩኝ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ግማሽ ገጽ ያህል ጻፍሁ። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ያስቀረሁት ማንም አስገድዶኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። የዛሬው ንግግር የዚያ ግማሽ ገጽ ዕዳ ነው።

፩. ስለ ቃላቱ

ዛሬ በዓለም ዙሪያ «ድራግ» የሚባለው የመድረክ ጥበብ፣ አንድ ሰው የሌላውን ጾታ አለባበስ፣ አካሄድና አነጋገር አጋንኖ ለተመልካች የሚያሳይበት ትርኢት ነው። «ኩዊር» የሚለው ቃል ደግሞ ከተለመደው የጾታና የፍቅር ሥርዓት ውጭ ላለ ሕይወት የተሰጠ የዘመናችን መጠሪያ ነው። ሁለቱም ቃላት ከውጭ የመጡ ናቸው። ቃሉ ከውጭ መጣ ማለት ግን ነገሩ ከውጭ መጣ ማለት አይደለም። «ቴአትር» የሚለው ቃልም የውጭ ነው፤ ሆኖም የአዝማሪን፣ የአልቃሽንና የፎካሪን ትርኢት ከውጭ አላመጣነውም።

አማርኛ የራሱ ቃላት አሉት። «ወንዳገረድ» እና «ወንዳወንድ» የሚሉትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የመጀመሪያው የሴት ጠባይና ሥራ ለሚታይበት ወንድ፣ ሁለተኛው የወንድ ጠባይ ለሚታይባት ሴት ይነገራል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ለነቀፋ ይውላሉ፤ ነቀፌታ ደግሞ ራሱ ማስረጃ ነው። ሕዝብ የሌለን ነገር ስም አያወጣለትም።

አሜሪካዊው የባህል አጥኚ ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ በአማራ ገበሬዎች መካከል የሴት አለባበስና ሥራ የያዙ ወንዶችን ጠቅሷል። በላቲን ፊደል የጻፈው መጠሪያ ከእኛ «ወንዳገረድ» ጋር በአነባበብ ይቀራረባል። ሜሲንግ እንደሚለው ሕዝቡ እነዚህን ሰዎች በአፈጣጠራቸው ጉድለት እንዳለባቸው አድርጎ ይመለከታቸው ነበር፤ ለሴቶች እንደ ወንድም ይቆጠሩ ስለነበር ባሎች አይቀኑባቸውም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የአያቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እኔ በልጅነቴ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት፤ ሜሲንግ ግን በጎንደር አካባቢ ባደረገው ጥናት ይህን የመሰለ አመለካከት መዝግቧል። የቀየቱ ሰው ብቸኛ እንግዳ ፍጥረት አልነበረም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የማስጠነቅቃችሁ አንድ ነገር አለ። የዚያን ሰው የውስጥ ሕይወት፣ የፍቅሩን ነገር፣ ራሱን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር አልጠየቅሁትም። ስለዚህ የዘመናችንን መጠሪያ አልለጥፍበትም። የምመሰክረው ያየሁትን ነው፤ በአለባበስ ቅያሬ የሚጫወት፣ ተመልካች የነበረው፣ ችሎታው የታወቀ የሕዝብ ጥበበኛ ነበር።

፪. ወንድነት በመንዝ

መንዝን ለውጭው ዓለም አንባቢ ያስተዋወቀው ዶናልድ ሌቪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ የመንዝን ዓለም ይተርካል። ሌቪን በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው ሌላ ጽሑፍ የኢትዮጵያን የወንድነት ጽንሰ ሐሳብ መርምሯል። በዚህ ትንታኔ ወንድነት ከሁሉ በፊት የጀግንነትና የጽናት ጉዳይ ነው፤ ፉከራውና ቀረርቶው፣ ጠላትን መመከቱ፣ ብርድንና ረሃብን መቻሉ የሚለካው በዚህ ነው።

ይህ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሙሉ አይደለም። ፉካሪውም እኮ ለባሽ ነው። ጎፈሬውን ያጎፍራል፣ የአንበሳ ለምዱን ይደርባል፣ ጦሩን ይነቀንቃል፣ ድምፁን ያጎላል። ወንድነት በሰው ፊት የሚታይ ትርኢት መሆኑን ከመንዝ ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። በአንድ ዳስ ውስጥ በአንድ ሌሊት አንዱ ተነሥቶ ሲፎክር፣ ሌላው ተነሥቶ አማት ሲሆን፣ ሁለቱም ጾታን አጋንነው እያሳዩ ነበር። የመጀመሪያው «ጀግና» ተባለ፤ ሁለተኛው «ተጫዋች» ተባለ።

የደጋው አገር የሥራ ክፍፍል ይህን ጨዋታ በግልጽ እንዲነበብ ያደርገዋል። በመንዝ የበግ ጠጉር ይፈተላል፤ ዝተትና በርኖስ ይሠራበታል። መፍተሉ የሴት ሥራ ነው፤ ሽመናው የወንድ ነው። እንዝርትና ማረሻ በየእጁ ያለውን ሰው ማንነት ይናገራሉ። እንዝርት የያዘ ወንድ ገና ምንም ሳይናገር አንድ ነገር ተናግሯል ማለት ነው።

ቋንቋችንም እንዲሁ ነው። አማርኛ ሰውን «አንተ» ወይም «አንቺ» ሳይል ማነጋገር አይችልም፤ በአክብሮት «እርስዎ» ካላለ በቀር። ነገር ግን ይህ ድንበር የሚታለፍበት ጊዜ አለ። እናት ትንሽ ልጇን ስታቆላምጥ ወንዱን በሴት አንቀጽ ትጠራዋለች። ማንም በዚህ አይደናገጥም። ሰዋስዋችን ራሱ ቅያሬን በፍቅር ቦታ ይፈቅዳል።

፫. ዛር፦ የሚኖሩበት ቴአትር

ከማስረጃዎቻችን ሁሉ በስፋት የተመዘገበው የዛር ጉዳይ ነው። በሕዝብ አፍ እንደሚነገረው ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊጎበኛቸው በመጣ ጊዜ ከሁሉ የተዋቡትን አሥራ አምስቱን ደበቀቻቸው፤ እነርሱም ተደብቀው እንዲቀሩ ተፈረደባቸው። ዛሮች የእነዚያ የተደበቁት ልጆች ዘር ናቸው ይባላል። ዛር የያዘው ሰው «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ይጋልበዋልና።

በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጂቡቲ የጥናት ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ለወራት ሰንብቶ ነበር። ከቡድኑ አባላት አንዱ ሚሼል ሌሪስ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነትና አጋዥነት፣ መልካም አያሁ የተባሉትን ባለዛር ቤት እየተመላለሰ የሚታየውን ሁሉ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሴቲቱ በየጊዜው የተለያዩ ዛሮች ሲሰፍሩባቸው እንዴት እንደሚለዋወጡ ይተርካል። አባ ዮሴፍ የተባለው ዛር ሲመጣ እንደ ቤተ ክህነት ሰው ይናገራሉ፤ አባ ቋስቋስ ሲመጣ የጦር አዛዥ ይሆናሉ፤ ጫንቂት ስትመጣ ደግሞ አገልጋይ ናቸው። ሌሪስ ይህን ሁሉ ሰው እንደ ልብስ ከሚያወጣውና ከሚመልሰው የማንነት ማስቀመጫ ጋር አመሳስሎታል። የተግባሩንም ስም «የሚኖሩበት ቴአትር» አለው፤ ከሚጫወቱት ቴአትር ለመለየት።

ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። የቀየቱ ሰው አማቲቱ እንዳልሆነ ራሱም ተመልካቹም ያውቃሉ። በዛር ቤት ግን ባለቤቶቹ «ትወና» አይሉትም፤ ዛሩ በእርግጥ መጥቷል ብለው ያምናሉ። ታሪክ ጸሐፊ ይህን እምነት ሊያከብር ይገባዋል። ሆኖም አንድ ነገር ማስተዋል እንችላለን፤ የአንበሳ ጎፈር የደፋች፣ እንደ ጦር አዛዥ የምትቆጣ ሴት በዚያ ቤት ውስጥ ትከበር ነበር። ወንድ ዛር የሰፈረባትን ሴት ሰው በወንድ አንቀጽ ያነጋግራታል። ሜሲንግም እ.ኤ.አ. በ1958 በጻፈው ጥናት፣ የዛር ቤት በማኅበረሰቡ ዘንድ ዝቅ ተደርገው ለሚታዩ ሰዎች፣ ከሁሉ በላይ ለሴቶች፣ መሰብሰቢያና መታከሚያ እንደነበረ አሳይቷል። በዕለት ኑሮዋ ማዘዝ የማትችል ሴት በዛሯ አንደበት ታዛለች፤ ባሏም ሽቶውንና ቡናውን ያቀርባል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት ሁልጊዜ ተቃውማለች። ኦሪት ዘዳግም 22፥5 ወንድ የሴትን፣ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ ይከለክላል። በአንጻሩ ግን በስንክሳራችን የምትታወሰውን የቅድስት እንባ መሪናን ገድል አስቡ። በወንድ ልብስ ወደ ገዳም ገብታ እንደ ወንድ መነኩሴ ኖረች፤ ልጅ ወልደሃል ተብላ በሐሰት ስትከሰስ እንኳ ማንነቷን ሳትገልጥ ልጁን አሳደገች፤ እውነቱ የታወቀው ስትሞት ነው። ይህን የምጠቅሰው ቅድስቲቱን ከዳስ ጨዋታ ጋር ለማመሳሰል አይደለም፤ ገድሉ የሚናገረው ስለ ትዕግሥትና ስለ ንጽሕና ነው። የምጠቅሰው፣ ስለ ልብስ ቅያሬ የሚናገር ታሪክ በቅኔ ማኅሌታችን አጠገብ ሳይቀር ለዘመናት ሲነበብ መኖሩን ለማስታወስ ነው። እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው አስቀድሞ ስንክሳሩን ይመልከት።

፬. ከዳስ ወደ መድረክ

ዘመናዊው ቴአትራችን የተጀመረው ሰው ያልሆነ ገጸ ባሕርይ በለበሱ ተዋንያን ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. ያቀረቡት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜድያ» ሰዎችን በአውሬ ተመስሎ የሚተች ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መኳንንቱ ምሳሌው ስለገባቸው ቴአትር ታገደ። ልብስ መቀየር ኃይል ያለው መሆኑን ከተመልካቹ በፊት የተረዱት ባለሥልጣኖች ናቸው።

በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በማኅበሩ መድረክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴቶችን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ አጋማሽ መድረክ ላይ ስትወጣ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ሆነች። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ብቻዋን አይደለችም። በእንግሊዝ እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ የሴት ገጸ ባሕርያትን በመድረክ የሚጫወቱት ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ በጃፓን ሴቶች ከካቡኪ መድረክ በ1629 እ.ኤ.አ. ከታገዱ በኋላ የሴት ሚና የወንዶች ጥልቅ ሙያ ሆነ።

ይህን ታሪክ በደስታ ብቻ መተረክ ስሕተት ይሆናል። በአገር ፍቅር መድረክ ወንድ ቀሚስ የለበሰው ሴት ስላልተፈቀደላት ነው። ሴት አዝማሪና ተዋናይት የመሆን ስም ክብርን ሳይሆን ነቀፋን የሚያስከትልበት ዘመን ነበር። ስለዚህ የልብስ ቅያሬ በራሱ ነጻነት አይደለም። ልንጠይቀው የሚገባን ማን ለበሰ ብቻ ሳይሆን፣ ማን እንዳይለብስ ተከለከለ የሚለውንም ነው። ዛሬም በቴሌቪዥን ኮሜዲ ወንድ ተዋናይ ሻሽ አስሮ የሰፈር ሴት ሲሆን ቤተሰብ ሁሉ ይስቃል። ያ ሳቅ አንዳንዴ ከሴቲቱ ጋር፣ አንዳንዴ በሴቲቱ ላይ ነው። የቀየቱን ሰው ከብዙዎቹ የሚለየው፣ ካሳቀ በኋላ የእናትን ኀዘን በእናቶች ፊት መዘመሩና እናቶቹም የራሳቸው ኀዘን መሆኑን መቀበላቸው ነው።

፭. ጓሳው፣ ጠጉሩና ውሰቱ

አሁን ወደ ሹሩባው ልመለስ። ጓሳ በመንዝ ተራ ሣር አይደለም። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያ፣ ለጅራፍ፣ እረኛ ከዝናብ ለሚጠለልበት ገሳም ይሆናል። የጓሳ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ደጋ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። በቃል ታሪክ አስቦና ጌራ ከተባሉ አቅኚዎች ጀምሮ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ፣ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። በዚህ ሥርዓት ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በመሪዎች ውሳኔ ይከፈታል፤ ሰው የሚያጭደው በሥርዓትና በቀን ነው፤ ያለ ፈቃድ የገባ ይቀጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ የቆመበት የርስት መሠረት ፈረሰ፤ ቄሮም አብሮ ተዳከመ። ማኅበረሰቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶ አስቀጠለው፤ ዛሬ የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ በመባል ይታወቃል።

እንግዲህ የዚያን ሌሊት ትርኢት ዕቃዎች እንቍጠር። ሹሩባው ሕግ ባለው የጋራ መሬት ላይ የበቀለ ሣር ነው። ጡቱ ገና የሚፈተል የበግ ጠጉር ነው። ጥቁሩ ቀለም የምድጃ ጥላሸት ነው። ቀሚሱ የውሰት ነው። ትርኢቱ ካለቀ በኋላ አንድም ነገር አልተጣለም።

በዘመናችን ይህ ጉዳይ በዓለም መድረኮች ላይ መነጋገሪያ ሆኗል። ብዙ የድራግ ትርኢት በፕላስቲክ ብልጭልጭ፣ በሰው ሠራሽ ፀጉርና በአንድ ጊዜ ልብስ የተሞላ በመሆኑ ይተቻል። በአሜሪካ ፓቲ ጎኒያ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ድራግ አቅራቢ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥበቡን ከአካባቢ ጥበቃ ጋር አዋሕዶ ይሠራል። ቀደም ሲልም በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውስትራሊያው ፊልም «ፕሪሲላ፣ የበረሃዋ ንግሥት» ከርካሽ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ የተሠራ ቀሚስ አሳይቶ ነበር፤ ፊልሙም በልብስ ዝግጅት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ከተረፈው ነገር ውበት መሥራት የዚህ ጥበብ የቆየ ጠባይ ነው።

ሆኖም ድህነትን በሥነ ምህዳር ስም ማስጌጥ አልፈልግም። የቀየቱ ሰው ቀሚስ የተዋሰው ምድርን ለመጠበቅ አስቦ አይደለም፤ ቀሚስ ስላልነበረው ነው። በዚያ መንደር ሁለት የክት ቀሚስ ያላት ሴት እምብዛም አትገኝም ነበር። ታዲያ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጥበቡን ዘላቂ ያደረገው ችግር ሳይሆን ሥርዓት ነው። ሣሩን የጠበቀው ቄሮ ነው፤ ቄሮ የመተማመንና የመቀጣጣት ውል ነው። ቀሚሱን ያስገኘው ውሰት ነው፤ ውሰትም ውል ነው። የሚዋሰው ሰው ሳይቀድ፣ አጥቦ፣ በጊዜው ሊመልስ ይገባዋል። የሚያውሰውም ሰው ለምን እንደሚውል እያወቀ ይሰጣል። ቀሚስ የሚዋስ ጥበበኛ እንዲኖር ቀሚስ የምታውስ ሴት መኖር አለባት።

፮. ምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ደረስን። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ እርሱን የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629፣ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ይቀጣሉ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርጊት እንጂ ስለ ቀሚስና ስለ ሹሩባ አይደለም። በዕለት ኑሮ ግን ሰዎች በአለባበሳቸው፣ በአካሄዳቸው፣ በድምፃቸው ብቻ ይዋከባሉ፣ ይደበደባሉ፣ ከቤት ይባረራሉ። የሚቀርበው ምክንያትም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ይህ በአገራችን ያልነበረ፣ ከውጭ የመጣ ነው» ይባላል። በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ካቋቋሟቸው የዚህ ዘርፍ ድርጅቶች አንዱ «ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ» ይባላል፤ እናቶቻችን ድዳቸውን በሚያስውቡበት ንቅሳት ተሰይሟል። ከአገር የወጡ ሰዎች ለራሳቸው መጠሪያ ሲፈልጉ የመረጡት የእናቶቻቸውን ጌጥ ነው።

በሕግና በሃይማኖት ጉዳይ ላይ በዚህ አዳራሽ ያለን ሁሉ አንድ ሐሳብ እንዲኖረን አልጠብቅም። የታሪክ ተማሪ ግን አንድ ግዴታ አለበት፤ «አልነበረም» የሚል ሰው ሲመጣ፣ የነበረውን አውጥቶ ማሳየት። ይህን የማናደርግ ከሆነ ዝምታችን ለሐሰት ማስረጃ ይሆናል። የእኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሃያ ዓመታት ያህል እንዲህ ያለ ማስረጃ ሆኖ ኖሯል። ያን ጽሑፍ አንብቦ «በመንዝ አገር እንዲህ ያለ ሰው አልተመዘገበም» የሚል ተማሪ ቢኖር ጥፋቱ የእኔ ነው።

ለመስክ ጥናት ለምትወጡ ተማሪዎች ሦስት ነገር ልምከር። አንደኛ፣ በሕይወት ያለን ሰው ስምና መንደር አታውጡ፤ የእናንተ እውቀት የእርሱ አደጋ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ሰው ራሱን ባልጠራበት ስም አትጥሩት፤ የሚታየውን ጻፉ። ሦስተኛ፣ የማይመቻችሁን ከማስታወሻችሁ አትፋቁ።

በመጨረሻ፣ ያንን ግማሽ ገጽ ልክፈተው። አሮጊቷ ስለዚያ ሰው ካጫወቱኝ በኋላ «ለመሆኑ ያን ዕለት ቀሚሱን ማን እንዳዋሰው ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም አልኋቸው። «አያትህ ናት እንጂ ልጄ! የፋሲካ ቀሚሷን ነው ከሳጥን አውጥታ የሰጠችው። ሰዉ ‹እንዴት ለእርሱ› ቢላት ‹ከእኔ ይልቅ እርሱ ያምርበታል፤ ደግሞ አጥቦ ይመልሳል› አለች» አሉኝ። ደብተሬ ላይ የሰፈረው ይኸው ነው። ከሥሩ በዚያን ጊዜ እጄ ጽፌ ያሰመርሁበት አንድ ቃል አለ፤ «ይዘለል» ይላል።

ሕይወቷን ሁሉ በጓሳ ክዳን ሥር የኖረች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት የክት ቀሚሷን ለማዋስ አልፈራችም። እኔ ግማሽ ገጽ ለማዋስ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። ይህ ንግግር ከዛሬ ጀምሮ በፋኩልቲው ድረ ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ ከእንግዲህ ስለ መንዝ የሚጽፍ ሰው ሊያነበው ይችላል።